የዓይን ድርቀት፦ ጠብታው ብቻውን አልበቃኝም፤ የዓይን ቆብ እንክብካቤ በቤት ውስጥ በትክክል የሚደረገው እንዴት ነው?

ጥያቄ፦ የማታ አንባቢ

የዓይን ድርቀት ከያዘኝ ዓመታት አልፈዋል። ጠዋት ስነሳ ቆቦቼ ከዓይኔ ጋር የተጣበቁ ያህል ይከብዱኛል፤ ከሰዓት በኋላ ኮምፒውተር ላይ ስቆይ ደግሞ አሸዋ የገባበት ያህል ይቆረቁረኛል፣ ፊደሎቹም ይደበዝዙብኝና ዓይኔን ሳርገበግብ መልሰው ይጠራሉ። ግራ የሚያጋባኝ «ደርቋል» የተባለው ዓይኔ ትንሽ ነፋስ ሲነካው እንባውን ማፍሰሱ ነው።

የመረመረኝ የዓይን ሐኪም በቆቤ ጠርዝ ላይ ያሉት የቅባት ዕጢዎች መደፈናቸውን ነግሮኝ፣ ሰው ሠራሽ እንባ ካዘዘልኝ በኋላ «ቆብዎን በየቀኑ በሙቅ ጨርቅ ይያዙ፣ ያጽዱም» ብሎኛል። ጠብታው ለጥቂት ደቂቃ ያሳርፈኛል እንጂ አይዘልቅም። ሙቅ ጨርቁን ግን ሞክሬው ለውጥ ስላላየሁበት ትቼዋለሁ። ጨርቁ ምን ያህል መሞቅ አለበት፣ ስንት ደቂቃስ ይቆያል? ቆቡ የሚታሸው ወደ የት አቅጣጫ ነው? ከዚያስ በምን ይጸዳል? በተግባር የሚያውቀው ሰው በዝርዝር ቢያስረዳኝ ውለታው ትልቅ ነው።

መልስ፦ ከምርመራ ክፍል

በሙያዬ ኦፕቶሜትሪስት (የዓይንና የእይታ ምርመራ ባለሙያ) ነኝ። የተሰጠዎት ምክር ትክክል ነው፤ ነገር ግን በአንድ ዓረፍተ ነገር የሚነገር ምክር ስላልሆነ ብዙ ሰው እንደ እርስዎ ጀምሮ ይተወዋል።

እንባ ውኃ ብቻ አይደለም። ከዓይን ገጽ ጋር የሚያያይዘው ንፍጥ መሰል ክፍል አለው፣ ብዙውን መጠን የሚይዝ ውኃማ ክፍል አለው፣ ከላይ ደግሞ እጅግ ስስ የሆነ የቅባት ንጣፍ ይሸፍነዋል። ይህን ቅባት የሚያመነጩት ዕጢዎች ማይቦሚያን ይባላሉ፤ ስማቸውን ያገኙት እ.ኤ.አ. በ1666 ስለ እነርሱ ከጻፈው ከጀርመናዊው ሐኪም ከሃይንሪሽ ማይቦም ነው። በላይኛው ቆብ ከ25 እስከ 40፣ በታችኛው ከ20 እስከ 30 የሚሆኑ ሲሆን፣ አፋቸው ከሽፋሽፍቱ ሥር ትንሽ ወደ ውስጥ ገባ ብሎ ይከፈታል። ጤነኛ ዕጢ ቀስ ተብሎ ሲጫን የሚወጣው ቅባት ጥርት ብሎ ይፈስሳል፤ ከተደፈነው ግን እንደ ጥርስ ሳሙና የወፈረና የነጣ ነገር ይወጣል፣ አንዳንዴም ጭራሽ የሚወጣ ነገር የለም። የቅባቱ ንጣፍ ሲሳሳ ውኃው ቶሎ ይተናል፣ የዓይኑ ገጽ ይቆጣል፣ የእንባ ዕጢውም ለቁጣው ምላሽ ብዙ ውኃ በአንድ ጊዜ ይለቅቃል። በነፋስ የሚወርደው እንባዎ ይኸው ነው፤ ብዛት እንጂ ቅባት ስለሌለው ዓይንዎን አያለሰልሰውም። ጠብታው የማይዘልቀውም በዚሁ ምክንያት ነው።

ወደ ጨርቁ እንምጣ። የረጋው ቅባት የሚቀልጠው ከጤነኛው ከፍ ባለ ሙቀት ሲሆን፣ ሙቀቱ ደግሞ የቆቡን ቆዳና ጡንቻ አልፎ ዕጢው ድረስ መድረስ አለበት። ስለዚህ ቆቡ ላይ የሚያርፈው ነገር ከ40 ዲግሪ ሴልሺየስ ትንሽ ከፍ ብሎ፣ ሙቀቱ ሳይቋረጥ ከ5 እስከ 10 ደቂቃ መቆየት ይኖርበታል። በሙቅ ውኃ የተነከረ ጨርቅ በሁለት ደቂቃ ገደማ ውስጥ ይቀዘቅዛል፤ ሳይቀየር አሥር ደቂቃ ቢቆይ አብዛኛውን ጊዜ ዓይንዎ ላይ ያለው ቀዝቃዛ እርጥብ ጨርቅ ብቻ ነው። ለውጥ ያላዩት ከዚህ የተነሣ ይመስለኛል። ይሁንና «ከሞቀ ይሻላል» ብሎ ማቃጠልም አይገባም። የቆብ ቆዳ ስስ ስለሆነ አስቀድመው በእጅዎ አንጓ የውስጥ በኩል ይሞክሩት፤ እዚያ ካልተቻለ ለዓይንም አይሆንም።

ማሸቱ ሙቀቱ እንደተነሣ ወዲያውኑ መሆን አለበት፣ ቅባቱ መልሶ ሳይረጋ። እጅዎን ታጥበው፣ ዓይንዎን ጨፍነው፣ በጣትዎ ሆድ የላይኛውን ቆብ ከላይ ወደ ታች፣ የታችኛውን ከታች ወደ ላይ፣ ሁለቱንም ወደ ሽፋሽፍቱ ሥር አቅጣጫ ቀስ እያደረጉ ይግፉ። ጉልበቱ በቆቡ ላይ እንጂ በዓይን ኳሱ ላይ አይረፍ፤ በተለይ ሙቀቱ እንደተነሣ ዓይንን በጉልበት ማሸት ለኮርኒያ፣ ማለትም ለዓይን ኳሱ ጥርት ያለ የፊት ገጽ፣ አይበጅም። በመጨረሻም በቆብ ማጽጃ የረጠበ ንጹሕ ጥጥ ወይም ጨርቅ ይዘው፣ ዓይንዎ እንደተጨፈነ፣ የሽፋሽፍቱን ሥር ከዳር እስከ ዳር ይጥረጉ። ለሁለተኛው ዓይን ሌላ ጨርቅ ይጠቀሙ።

በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት በቀን ሁለት ጊዜ፣ ከዚያ በኋላ አንድ ጊዜ ይበቃል፤ ከአንድ ወር በፊት ግን «ሠራ፣ አልሠራም» ብለው አይፍረዱ። ዓይን ማርገብገብንም አይርሱ። ቅባቱን ከዕጢው ገፍቶ የሚያወጣው ቆቡ ሙሉ በሙሉ ሲገጥም ነው። ሰው በተለምዶ በደቂቃ 15 ጊዜ ያህል ያርገበግባል፤ ስክሪን ሲመለከት ግን ይህ በግማሽና ከዚያም በላይ ይቀንሳል፣ ከሚያርገበግበውም ብዙው ሳይገጥም የሚቀር ነው። በየ20 ደቂቃው ቀና ብለው ሩቅ እየተመለከቱ፣ ሁለቱ ቆቦች እስኪነካኩ ድረስ ደጋግመው ቀስ ብለው ይጨፍኑ። ስክሪኑም ከዓይንዎ ደረጃ ዝቅ ይበል፤ ወደ ታች ሲመለከቱ ለአየር የሚጋለጠው የዓይንዎ ገጽ ይጠባል።

ሕመም፣ ብርሃን መፍራት፣ የማይመለስ ብዥታ ወይም በአንድ ዓይን ብቻ የሚወጣ ብዙ ዓይናር ካለ ግን ጨርቁን ትተው ወደ ሐኪም ይሂዱ።

መልስ፦ ጨርቅ ቀያሪ

ከላይ የተጻፈውን ለዓመታት የሠራሁበት ሰው ነኝና የተግባሩን ክፍል ልጨምር። የማደርገው ሁለት ትንንሽ ፎጣዎችን በማፈራረቅ ነው፤ አንደኛው ዓይኔ ላይ ሳለ ሁለተኛው ክዳን ባለው ዕቃ ሙቅ ውኃ ውስጥ ይጠብቃል። አሰልቺ መሆኑን አልክድም። ማይክሮዌቭ ያለው ሰው በውስጡ ጥቃቅን እንክብሎች ያሉበትን የዓይን ማሞቂያ ጭንብል ቢጠቀም ብዙ ይቀልለዋል፣ ሙቀቱንም ሳያቋርጥ ይይዛል። ብቻ በላዩ ከተጻፈው ጊዜ አስበልጠው አያሙቁት፤ ከማይክሮዌቭ ሲያወጡት በእጅዎ አገላብጠው ይሹት፣ ምክንያቱም አንዱ ጥግ ለብ ብሎ ሌላው የሚያቃጥልበት ጊዜ አለ።

ከማሸቱ በኋላ ለጥቂት ጊዜ በቅባት በተቀባ መስተዋት ውስጥ እንደሚመለከቱ ይሆናል፤ አይደንግጡ። ትንሽ ይቆጠቁጣል፣ መብራቱ ዙሪያውን ይበተናል፣ ከዚያም እያርገበገቡ ሲቆዩ ይጠራል። ስለዚህ ማታ ከመኝታ በፊት ማድረጉን እመርጣለሁ። የሚኳሉ ከሆነ ደግሞ በቆቡ ጠርዝ ውስጠኛ መስመር ላይ አይቀቡ። ኩሉ የሚያርፈው በትክክል የዕጢዎቹ አፍ ላይ ነው።

የማታ አንባቢ፦

ሁለታችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ስለ ጨርቁ መቀዝቀዝ አንድም ሰው ነግሮኝ አያውቅም። አንድ ነገር ልጨምር፦ የሕፃናት ሻምፑ፣ የሻይ ዛፍ ዘይትና የዓሣ ዘይት ለዚህ ችግር ይጠቅማሉ ሲባል እሰማለሁ። የቱ እውነት ነው?

መልስ፦ ፋርማሲስት

ሦስቱን ለያይቶ ማየት ይገባል። የሕፃናት ሻምፑ በውኃ ቀጥኖ ለረጅም ጊዜ ሲታዘዝ የኖረ ነው፣ ዛሬም የሚያዝዙት አሉ። ነገር ግን የተሠራው ፀጉር ለማጠብ ስለሆነ፣ ልናድነው የምንደክምለትን ቅባት ራሱን ሊያጥበው ይችላል። ለቆብ ተብሎ የተዘጋጀ ማጽጃ ካለ እርሱን ይምረጡ፤ ከሌለ ጥቂት ጠብታ ሻምፑ ፈልቶ በቀዘቀዘ ውኃ አቅጥነው ከተጠቀሙ በኋላ በደንብ ያለቅልቁት።

የሻይ ዛፍ ዘይት ሳይቀጥን ወደ ዓይን ፈጽሞ መቅረብ የለበትም፤ ያቃጥላል። የሚታሰበውም ዴሞዴክስ የተባሉት ጥቃቅን ተባዮች በሽፋሽፍት ሥር ሲበዙ ነው። ምልክታቸው በእያንዳንዱ የሽፋሽፍት ፀጉር ሥር እንደ ቀለበት የሚጠመጠም ፎረፎር መሰል ቅርፊት ሲሆን፣ ሐኪሙ በማጉያ መሣሪያ በቀላሉ ያየዋል። ለዚህም ዛሬ የራሱ መድኃኒት አለ፤ ሎቲላነር የተባለው ጠብታ እ.ኤ.አ. በ2023 በአሜሪካ ተፈቅዷል። ተባዩ መኖሩ ሳይረጋገጥ በዘይቱ መጀመር አያስፈልግም።

ስለ ዓሣ ዘይት፣ ድሪም በሚል ስም የሚታወቀውና እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመው ትልቅ ጥናት 535 ሰዎችን በሁለት ከፍሎ፣ አንደኛውን ቡድን በቀን 3,000 ሚሊ ግራም ኦሜጋ 3፣ ሌላውን ለማነጻጸሪያ የወይራ ዘይት ለአንድ ዓመት እንዲወስዱ አድርጓል። ሁለቱም ቡድኖች ተሽሏቸዋል፤ በመካከላቸው ግን ጉልህ ልዩነት አልታየም። ለዓይን ድርቀት ብቻ ብላችሁ ግዙ ለማለት እኔ አልደፍርም።

ሳይጠየቅ የቀረው የጠብታው ዓይነት ነው። በቀን ከአራት ጊዜ በላይ የሚጠቀሙ ከሆነ ማቆያ ኬሚካል የሌለበትን ይጠይቁ። በብዙ ጠብታዎች ውስጥ የሚገኘው ቤንዛልኮኒየም ክሎራይድ የተባለው ማቆያ ሲደጋገም ራሱ የዓይንን ገጽ ይጎዳል። ቅላት የሚያጠፉ ጠብታዎች ደግሞ የደም ሥሮችን ለጊዜው ያጠብባሉ እንጂ ድርቀትን አያክሙም፣ ሲያቆሟቸውም ቅላቱ ብሶ ሊመለስ ይችላል። የሚወስዱት መድኃኒት ካለም ለሐኪምዎ ይንገሩ። የአለርጂ ክኒኖች፣ አንዳንድ የድብርት መድኃኒቶችና ለብጉር የሚሰጠው አይሶትሬቲኖይን ዓይንን ከሚያደርቁት ውስጥ ናቸው፤ ሆኖም በራስዎ ውሳኔ አያቋርጡ።

መልስ፦ ዝምተኛ ተከታታይ

ለሌሎች አንባቢዎች አንድ ማሳሰቢያ። እኔ ቆቤን በትጋት ብይዝም ድርቀቱ አልለቀቀኝም፤ አፌም እየደረቀ፣ መገጣጠሚያዬንም ያመኝ ነበር። ሐኪሙ በታችኛው ቆቤ ላይ ቀጭን ወረቀት አንጠልጥሎ ለአምስት ደቂቃ ሲያቆየው የረጠበው ከ5 ሚሊ ሜትር በታች ሆኖ ተገኘ። የደም ምርመራው ተጨምሮ የታወቀው፣ የሰውነት መከላከያ የራሱን የእንባና የምራቅ ዕጢዎች የሚያጠቃበት ሾግረን የተባለው ሕመም ነው። የእኔ ዓይን ያጣው በዋናነት ቅባት ሳይሆን ውኃ ነበር፤ ጨርቁ ብቻውን ሊመልሰው አይችልም።

የማታ አንባቢ፦

አፌም መገጣጠሚያዬም ደህና ናቸው፤ ቢሆንም በቀጠሮዬ ቀን እጠይቃለሁ። የመጨረሻ ጥያቄ፦ አልፎ አልፎ ኮንታክት ሌንስ አደርጋለሁ። ከዚህ እንክብካቤ ጋር ይሄዳል?

መልስ፦ ከምርመራ ክፍል

ይሄዳል፣ ግን ሌንሱ ከሙቀቱ በፊት ይወጣል፤ የማጽጃው ቅሪት ታጥቦ እይታዎ እስኪጠራም አይመለስም። ቆብዎን የሚያጥቡበት ውኃ ሌንሱን ወይም የሌንሱን ዕቃ እንዳይነካ ይጠንቀቁ። በቧንቧ ውኃ ውስጥ የሚገኝ አካንታሚባ የተባለ ረቂቅ ሕዋስ በሌንስ አማካይነት ኮርኒያን ክፉኛ ሊያቆስል ስለሚችል ነው። ማታ ማታ የሚሠሩት ከሆነ ሌንሱን አውጥተው እስከ ጠዋት በዕቃው ውስጥ ያሳድሩት፤ ድርቀቱ እስኪረጋጋ ድረስ ደግሞ በተቻለ መጠን በመነጽር ይቆዩ። ለቀጠሮው የሚጠቀሙበትን ጠብታና ማጽጃ ከነማሸጊያቸው ይዘው ይሂዱ፣ ማሸቱንም ሐኪሙ ፊት አንድ ጊዜ አድርገው ያሳዩት።