506 በዝርዝር ሲጻፍ፦ የሁለተኛ ክፍል የቤት ሥራ

የሶልያና እናት (ሜሪላንድ)፦
ሰላም ለሁላችሁ። ልጄ ሁለተኛ ክፍል ናት። ቁጥር በዝርዝር (ኤክስፓንድድ ፎርም) ጻፊ ስትባል 347ን 3+4+7፣ 506ን ደግሞ 50+6 ትላለች። ሐሙስ ፈተና አለባት። በምን ላስረዳት? 506ስ 500+6 ነው ወይስ 500+0+6?

አስጠኚው (ቨርጂኒያ)፦
እህቴ፣ ሁለቱ ስህተቶች መነሻቸው ይለያያል። 3+4+7 ያለችው አኃዙን እንጂ ያለበትን ቤት ስላላየች ነው። አስደምሪያት፤ 14 ሲመጣ ራሷ ታየዋለች።

ከዚያ ካርድ ቁረጡ። ከ1 እስከ 9 ያሉት አንድ ስፋት፣ ከ10 እስከ 90 ያሉት ሙሉ አሥሮች እጥፉ፣ ከ100 እስከ 900 ያሉት ሙሉ መቶዎች ሦስት እጥፍ ይሁኑ፤ በጠቅላላው 27 ናቸው። 300ን ከታች፣ 40ን በላዩ፣ 7ን ከሁሉም በላይ፣ የቀኝ ጠርዛቸውን አግጥማችሁ ደርቡ። 347 ይነበባል፤ ሲነጣጠል 300+40+7። በግራ ከገጠመ 700 ይነበባልና ቀኙ ላይ ጥብቅ ሁኑ። ለ506 የሚነሡት 500 እና 6 ብቻ ናቸው። መሐል የሚታየው ዜሮ ከ500 ካርድ ላይ ያለው ነው፤ 50+6 ያሰኛትም 5ንና ይህን ዜሮ እንደ 50 ማንበቧ ሳይሆን አይቀርም።

የኪዳን አባት (ዳላስ)፦
ወርክሺት ከማውረድሽ በፊት የየትኛው ስቴት እንደሆነ እይ። ሜሪላንድ በኮመን ኮር (ብዙ ስቴቶች በሚጋሩት የትምህርት መለኪያ) ነው የምትሄደው፤ ሁለተኛ ክፍል እስከ 1,000 ነው። ቴክሳስና ቨርጂኒያ ግን የራሳቸው መለኪያ አላቸው፤ እዚህ እስከ 1,200 ይደርሳል። ደግሞ 506ን «ፋይቭ ኦ ሲክስ» እያላችሁ አታንብቡላት፤ መቶው ከጆሮዋ ይጠፋል።

እትዬ አስካለ (ፍራንክፈርት)፦
ልጆች፣ በአማርኛ አስቆጥሯት እንጂ! «ሦስት መቶ አርባ ሰባት» ስትል እኮ ዘርዝራ ጨርሳለች። በእንግሊዝኛ «ሰርቲን» ሲባል ሦስቱ ስለሚቀድም ልጆች 13ን 31 ብለው ይጽፉታል፤ «ኢለቨን» ውስጥማ አሥሩ አይሰማም። እዚህ በጀርመንኛ 47 «ሰባትና አርባ» ነው። የእኛ አሥራ ሦስት አሥሩን ያስቀድማል። አያቶቿ በስልክ ያስቆጥሯት፣ ናፍቆታቸውም ይወጣላቸው። የግእዙንም ፫፻፵፯ አሳዩአት።

አስጠኚው፦
እትዬ፣ በቃል መቁጠሩን እደግፋለሁ። የግእዙ አኃዝ ግን ከሐሙስ በፊት አይሆንም። ዜሮ የለውም፤ ፭፻፮ አምስት፣ መቶ፣ ስድስት ተብሎ በተርታ ነው የሚጻፈው። በዚያ ልማድ ወደ 506 ስትመጣ 5006 ብትጽፍ አይፈረድባትም። ብዙ ልጆች ያለ ግእዙም 347ን 300407 ይሉታል።

እትዬ አስካለ፦
፵ ለአርባ የቆመ ራሱን የቻለ ምልክት ነው። 40 በ4 እንደማይተካ ከዚህ የበለጠ ምን ያሳያል? ሁለት ቋንቋ የምትናገር ልጅ ሁለት አጻጻፍ አይከብዳትም።

የኪዳን አባት፦
እስከ መቶዎቹ ይሁን። 4,000 ላይ ግን ፵፻ ይሆናል፣ አርባ መቶ። ከሺህ ቤት ጋር በምን ይገጥማል?

የሶልያና እናት፦
ካርዱን ዛሬ ማታ እንቆርጣለን፣ አመሰግናለሁ። 500+0+6 ብላ ብትጽፍስ ይታረምባታል?

እትዬ አስካለ፦
የኪዳን አባት፣ አርባ ጊዜ መቶ ስንት ነው ታዲያ? 4,000 አይደለም እንዴ! ይህን ማወቅ ማባዛት ሲጀምሩ ይጠቅማቸዋል።

የኪዳን አባት፦
ማባዛት የሦስተኛ ክፍል ነው እትዬ። አሁን የተጠየቀው መዘርዘር ነው።