ከባቢ አየርን ለ7ኛ ክፍል ከየት ልጀምርላቸው?

ጠመኔ በእጄ (ደብረ ብርሃን)፦
ሰላም ለዚህ ቤት። ሳይንስ አስተምራለሁ፣ በሚቀጥለው ሳምንት ከባቢ አየርና ንብርብሮቹ ሚለው ርዕስ ላይ እደርሳለሁ። ልጆቹ ከታላላቆቻቸው ደብተር ላይ ትሮፖስፌር ስትራቶስፌር ሜሶስፌር ቴርሞስፌር ኤክሶስፌር እያሉ ሸምድደውት ነው ሚመጡት፣ ቆይ ግን ማን ከፋፈለው ለምንስ እዛ ጋ ተከፈለ ስትሏቸው ሁሉም ጸጥ። አንዷ ደሞ ከወዲሁ "ቲቸር ተራራ ለፀሐይ ይቀርብ የለ፣ ታዲያ እኛ ጋ በርዶ ሮቢት ለምን ይሞቃል?" ብላኛለች፣ ጥያቄዋን በጣም ነው የወደድኩት ግን ለክፍሉ በሙሉ በሚገባ መልክ ማስረዳቱ ነው ሚከብደው። ፕሮጀክተር ምናምን የለም፣ ሰሌዳና ጠመኔ ብቻ። እናንተ ብትሆኑ መጀመሪያ ምን ታሳዩዋቸዋላችሁ?

የጣርማበር ንፋስ፦
እህቴ መልሱ እኮ እዛው መንገዱ ላይ ነው ያለው። ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር አካባቢ ነው፣ ጣርማበር ከ3,000 ያልፋል፣ ከዛ ዋሻውን አልፈሽ በደብረ ሲና አርገሽ ቁልቁለቱን ስትጨርሺው ሸዋ ሮቢት 1,300 ገደማ ላይ ነሽ። ወደ 2 ኪሎ ሜትር ሚጠጋ የአየር ከፍታ ነው በሚኒባስ የወረድሽው። ጣርማበር ላይ በጋቢ ተጀቡኖ የነበረው ሰውዬ ሮቢት መናኸሪያ ሲወርድ ጋቢውን አጣጥፎ ብብቱ ስር ይወትፈዋል፣ ልጆቹ ይሄን በደንብ ያውቁታል። ወደ ላይ ሲወጣ በ1 ኪሎ ሜትር በአማካይ 6.5 ዲግሪ ይቀንሳል በያቸውና የቀረውን ራሳቸው ያስሉት።

ለልጅቷ ደሞ እንዲህ በያት፣ ፀሐይ 150 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ርቃ ያለች ነገር 3 ኪሎ ሜትር ተራራ ምን ያቀርበናል። አየሩ በቀጥታ ከፀሐይ ብዙ ሙቀት አይወስድም፣ ፀሐይ መሬቱን ታሞቀዋለች መሬቱ ደሞ አየሩን ከስር ያሞቀዋል፣ የሞቀው አየር ሲነሳ ላይ ያለው ግፊት ስለሚያንስ ይለጠጣል ሲለጠጥ ደሞ ይቀዘቅዛል። ስለዚ ትሮፖስፌር ውስጥ ምድጃው ታች ነው።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ባዶ ሃይላንድ ጣርማበር ላይ ክዳኑን ጥብቅ አርጎ ዘግቶ ሮቢት ማውረድ ነው። ሮቢት ያለው የአየር ግፊት ከጣርማበሩ በአንድ አራተኛ ገደማ ስለሚበልጥ ጠርሙሱን ጭምድድ ያረገዋል፣ ማንም ሳይነካው። ጆሮ ሚደፈነውም በዚሁ ምክንያት ነው። አየር ክብደት አለው ብለሽ አስር ጊዜ ከምታስጽፊያቸው ያቺን የተጨማደደች ጠርሙስ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጪ።

አባ ካርታ፦
ልጄ፣ እኔ ጡረታ ወጥቻለሁ እንጂ ጂኦግራፊ ነበር ማስተምረው። የጠርሙሱ ነገር ጥሩ ነው ግን ትሮፖስፌር ውስጥ ብቻ ነው ሚያስቀርሽ። እኔ ልጆቹ ከፍታው እንዲገባቸው የአዲስ አበባን አስፋልት ነበር ምጠቀመው። ከደብረ ብርሃን አዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ነው አይደል፣ ያንን አስፋልት እንዳለ አንስታችሁ ወደ ሰማይ አቁሙት እላቸዋለሁ። ጫጫ ለመድረስ ትንሽ ሲቀራችሁ ትሮፖስፌር አለቀ፣ እኛ አካባቢ ለምድር ወገብ ስለምንቀርብ 16 እና 17 ኪሎ ሜትር ድረስ ይሄዳል። ደመናው ዝናቡ በረዶው መብረቁ እንዳለ እዚህ ውስጥ ነው፣ የጠቅላላው አየር ሦስት አራተኛ በላይ ጫጫን ሳያልፍ ይቀራል። ሸኖ ስትደርሱ ስትራቶስፌር አለቀ፣ 50 ኪሎ ሜትር። ሰንዳፋ ልትገቡ ስትሉ ሜሶስፌር አለቀ፣ በየሌሊቱ ተወርዋሪ ኮከብ ምንለው በአብዛኛው ሚቃጠለው ከአለልቱ እስከ ሰንዳፋ ባለው ላይ ነው። ሰንዳፋን ትንሽ አለፍ ብሎ 100ኛው ኪሎ ሜትር ላይ ጠፈር ከዚህ ይጀምራል ተብሎ በስምምነት የተያዘው የካርማን መስመር አለ። ሰዎች ሚኖሩበት ዓለም አቀፉ የጠፈር ጣቢያ ደሞ ቴርሞስፌር ውስጥ 400 ኪሎ ሜትር አካባቢ ነው፣ አዲስ አበባን አልፋችሁ ሐዋሳ ድረስ ሂዱ። ልጆቹ ይስቃሉ፣ ስማቸውን ግን አይረሱትም።

ማን ከፋፈለው ላልሽው፣ የከፋፈለው ሙቀቱ ነው። ሰሌዳ ላይ ቀጥ ያለ መስመር አስምሪና ሙቀቱን ከጎኑ ሳይበት፦ ከመሬት ተነስቶ ይቀንሳል ይቀንሳል እኛ አናት ላይ ከዜሮ በታች 75 አካባቢ ይደርሳል፣ እዛ ጋ ይቆምና ወደ ኋላ ይዞራል፣ 50 ኪሎ ሜትር ላይ ዜሮ አካባቢ፣ እንደገና ወርዶ 85 ላይ ከዜሮ በታች 90፣ ከዛ በላይ ሽቅብ። መታጠፊያዎቹ ናቸው ድንበሮቹ። ስትራቶስፌር ላይ ለምን ይሞቃል ካሉሽ ኦዞን የፀሐይን አልትራቫዮሌት ጨረር እዛ ስለሚውጠው ነው፣ ማለት ለዚህኛው ምድጃው ላይ ነው ያለው። የመጀመሪያውን መታጠፊያ ያገኘው ቴሰራንክ ደ ቦር ሚባል ፈረንሳዊ ነው፣ መሣሪያ ያሰረባቸውን ፊኛዎች እየለቀቀ ሲለካ ሙቀቱ መቀነሱን እንደሚቀጥል ሲጠበቅ ከተወሰነ ከፍታ በኋላ ቆመበት፣ በ1902 እ.ኤ.አ ይፋ አደረገው። ታሪኩን ንገሪያቸው፣ ከትርጉሙ ይልቅ እሱ ነው ሚይዛቸው። አውሮፕላን ስትራቶስፌር ላይ ይበራል ሚለውንም ማስጻፍ አትርሺ።

ደመና ቆጣሪ፦
ጋሼ ይቅርታ ግን አውሮፕላኑ ላይ አልስማማም። የመንገደኛ አውሮፕላን ከ10 እስከ 12 ኪሎ ሜትር ላይ ነው ሚበረው፣ እርስዎ ራስዎ ትሮፖስፌር እዚህ 17 ይደርሳል ብለዋል፣ ታዲያ በኛ ሰማይ ላይ ሚያልፈው አውሮፕላን ትሮፖስፌር ውስጥ ነዋ። ወደ ሰሜን አውሮፓና ወደ ዋልታ ሲኬድ ትሮፖስፌሩ ወደ 8 እና 9 ኪሎ ሜትር ይወርዳል፣ እዛ አውሮፕላኑ ስትራቶስፌር ውስጥ ይገባል። ብዙ መጽሐፍ የነሱን ሰማይ ነው ሚጽፈው።

ድንበሩን በዓይናቸው ማየት ከፈለጉ ደሞ ክረምት ላይ ከሰዓት በኋላ ከጣርማበር ወደ አፋር ቁልቁል ይዩ። ነጎድጓድ የያዘው ደመና እየተቆለለ ይወጣ ይወጣና አንድ ቦታ ሲደርስ አናቱ ጠፍጣፋ ሆኖ ወደ ጎን ይንጣለላል። ከላዩ ያለው አየር ከሱ ስለሚሞቅ ከዛ በላይ መውጣት አቅቶት ነው፣ በጣም ኃይለኛው ብቻ ጥቂት ሰብሮ ይወጣል። እዛ ነው ትሮፖስፌር ሚያልቀው።

አባ ካርታ፦
ልክ ብለሃል። በኛ ሰማይ ትሮፖስፌር ውስጥ ነው ተብሎ ይጻፍ፣ ፈተና ላይ ግን መጽሐፉ ያለውን ሚጠብቅ አራሚ አይጠፋምና ሁለቱንም ንገሪያቸው።

የበረሃ ልጅ ነኝ (ሸዋ ሮቢት)፦
ደብረ ብርሃኖች ብርዱን እንደዚህ ስታሞጋግሱት ደስ ይላል 😄 እዚህ ኑ ምድጃው ታች መሆኑን ያለ ሰሌዳ እናሳያችኋለን

ጠመኔ በእጄ፦
ጋሼ እግዜር ይስጥልኝ፣ ሁላችሁም ተባረኩ። የአስፋልቱን ነገር በቃ ወስጃለሁ። አንድ የቀረኝ፣ ቴርሞስፌር ከ1,000 ዲግሪ በላይ ይሞቃል ይላል፣ የጠፈር ጣቢያው ደሞ እዛ ውስጥ ነው ካላችሁ ለምን አይቀልጥም ብለው እንደሚጠይቁኝ አውቃለሁ። እኔም ብሆን እጠይቃለሁ።

ደመና ቆጣሪ፦
የሙቀት መጠን ማለት ቅንጣቶቹ ምን ያህል እንደሚፈጥኑ ነው። እዛ ያሉት ቅንጣቶች በጣም ይከንፋሉ ግን በጣም ጥቂት ናቸው፣ ጣቢያውን ሚነኩት ይሄ ነው ሚባል ሙቀት አይሰጡትም። እንዲያውም ጣቢያውን ሚያሞቀው ፀሐይዋ ራሷ ናት፣ ቀጥታ። ስለዚ "ዲግሪው" እና "ሙቀቱ" አንድ አለመሆኑን እዚህ ጋ ብትነግሪያቸው ጥሩ ነው፣ ለ7ኛ ክፍል ግን ከዛ በላይ አትግቢበት ይደናገራሉ።

ይልቅ አንድ ነገር፣ ውርጭ በሚጥልበት ሰሞን ጠዋት ከቤቱ ሁሉ ሚወጣው የኩበት ጭስ ወደ ላይ አልሄድ ብሎ ጣሪያ ላይ ተዘርግቶ ሚቆየውን አስተውለሻል? ሌሊት ሰማዩ ጥርት ሲል መሬቱ ሙቀቱን ይለቅና መሬት የነካው አየር ከላዩ ካለው በላይ ይቀዘቅዛል፣ ታች ቀዝቃዛ ላይ ሞቃት ሆነ ማለት ነው፣ ያኔ አየሩ አይነሳም አይደባለቅም። ስትራቶስፌር ጸጥ ያለበትም ምክንያት ይሄው ነው። 3 ሰዓት አካባቢ ፀሐይ መሬቱን ስታሞቀው ጭሱ ብትንትን ብሎ ይወጣል። ልጆቹን 1 ሰዓት ላይና ከ3 ሰዓት በኋላ ጭሱን አይታችሁ ሳሉት በያቸው፣ የቤት ሥራ ይሁን።

ጠመኔ በእጄ፦
ይሄንን እኮ በየቀኑ አየዋለሁ! የቤት ሥራው ዓርብ ይሰጣል። ጠርሙሱን ደሞ አጎቱ የሮቢት መስመር ላይ ሚሠራ ተማሪ አለኝ፣ እሱ ጣርማበር ላይ ዘግቶ ያውርድልኝ ብዬዋለሁ።

የጣርማበር ንፋስ፦
መስኮት አጠገብ ፀሐይ ላይ እንዳያስቀምጠው፣ ውስጡ ያለው አየር ሲሞቅ ይለጠጥና መጨማደዱን ይቀንስብሻል። ሮቢት ላይ ደሞ ፎቶ ያንሳልሽ፣ ጠርሙሱ ተመልሶ ደብረ ብርሃን ሲመጣ አብዛኛው ጭምድድ ይለቃልና ያየ አያምንሽም። ክዳኑን እንዳይከፍተውም አስጠንቅቂው፣ ሮቢት ሲደርስ ሰው ሁሉ ባዶ ሃይላንድ ሲያይ ውሃ ሊሞላበት ነው ሚሮጠው።