አማኖሃሺዳቴ፦ ጉልበት ከሚያማቸው እናት ጋር በአንድ ቀን ከኪዮቶ ይቻላል?

ሰላም፦ ጤና ይስጥልኝ። በጥቅምት መጨረሻ ከእናቴ ጋር ኪዮቶ ከተማ እንሆናለን። በአውራጃው ሰሜን፣ ሚያዙ ባሕር ላይ የተዘረጋውን ባለጥድ የአሸዋ ምድር፣ አማኖሃሺዳቴን፣ አይተን ማታ መመለስ ፈልገናል። እናቴ ጉልበታቸውን ስለሚያማቸው 3.6 ኪሎ ሜትሩን በእግር አይችሉትም። ለመላው ጃፓን የሚሠራው የጄአር ባቡር ፓስ (ያለ ገደብ መሳፈሪያ ትኬት) አለን። ከየትኛው ጫፍ ማየት ይሻላል?

ሀብታሙ፦ ይቻላል። «ሃሺዳቴ» የተባለው ፈጣን ባቡር ሁለት ሰዓት ያህል ይፈጅበታል። ፓስሽ ግን የሚሠራው እስከ ፉኩቺያማ ነው፤ ከዚያ ወዲያ ሐዲዱ የኪዮቶ ታንጎ ባቡር ስለሆነ ለብቻው ትከፍያለሽ። የካንሳይ ሰፊ ክልል ፓስ ቢሆን ይሸፍነው ነበር። ብዙ ሰው የሚሳሳተው ሌላ ቦታ ነው፦ አንዳንዱ ሃሺዳቴ «ማይዙሩ» ከተባለው ባቡር ጋር ተቀጥሎ ይነሣና አያቤ ጣቢያ ላይ ይለያያሉ። ትኬቱ ላይ ያለውን የፉርጎ ቁጥር ሳታዪ ከተቀመጥሽ ማይዙሩ ከተማ ትደርሻለሽ።

ትዕግሥት፦ ጣቢያው በደቡብ ጫፍ ነው። ቪውላንድ የተባለው መመልከቻ ከጣቢያው ጀርባ፣ በእግር አምስት ደቂቃ ገደማ፤ ኮረብታው ላይ ሞኖሬል ያወጣቸዋል። ወደ ሰሜን ስለሚያይ ፀሐይ ከጀርባ ትሆናለች፣ ፎቶውም ያምራል። በሰሜን ጫፍ ያለው ሌላው መመልከቻ፣ ካሳማትሱ፣ ግን ወደ ደቡብ ስለሚያይ እኩለ ቀን ላይ ፀሐይዋ ዓይን ውስጥ ትገባለች። ለእማማ ቪውላንድ ይበቃል።

ሀብታሙ፦ እኔ ካሳማትሱን አልተውም። ጎንበስ ብሎ በእግር መሃል አሸዋውን ገልብጦ ማየት የተጀመረው እዚያ ነው፤ ያን ጊዜ ወደ ሰማይ የሚወጣ ድልድይ ይመስላል። (እማማ አይጎንበሱ!) ከቺዮንጂ ቤተ መቅደስ አጠገብ ጀልባ ያዙ፤ በ12 ደቂቃ በሰሜን ጫፍ ያለው ኢቺኖሚያ ያደርሳችኋል። ከዚያ በኮኖ መቅደስ በኩል ጥቂት ተራምዳችሁ ኬብል ካር ትሳፈራላችሁ። በዚያው ትኬት የወንበር ሊፍትም ይቻላል፤ ግን ሳይቆም ነው የሚያሳፍረው፣ ለሳቸው አይሆንም።

ሰላም፦ አሸዋውን ሳይረግጡ መመለስ ግን ቅር ይላቸዋል።

ትዕግሥት፦ ለዚያማ ቺዮንጂን እንዳለፋችሁ ያለውን የሚዞር ድልድይ መሻገር ይበቃል፤ ጥዱ ወዲያው ይጀምራል። መርከብ ሲመጣ ድልድዩ 90 ዲግሪ ስለሚዞር ጥቂት ትጠብቃላችሁ። በግራም በቀኝም ባሕር እያለ ኢሶሺሚዙ ጉድጓድ ጨው የሌለው ውሃ ያወጣል፣ እንዳትጠጡት ብቻ። በዚያ ወቅት ዝናቡ ድንገተኛ ነው፤ የዚህ አካባቢ (የታንጎ) ሰዎች «ምሳህን ብትረሳ ጃንጥላህን አትርሳ» ይላሉ።

ሀብታሙ፦ የመመለሻውን ወንበር ጠዋት ኪዮቶ ላይ ያዢ። ቀጥታው ባቡር በቀን ጥቂት ነው፤ ካመለጣችሁ ፉኩቺያማ ላይ መቀየር አለ።