ጎረቤት አጥር ላይ ያለውን ትልቅ ዛፍ ላስቆርጠው ነው አሉ፣ ምን ላድርግ?

ጥያቄ
ሰላም ወገኖች እንዴት ናችሁ፣ አንድ ነገር ጨንቆኝ ነው። ከጎረቤታችን ጋር የሚያዋስነን አጥር ጋ ትልቅ ዛፍ አለ፣ እኛ ሳንገባ በፊት የነበረ፣ ግንዱን ሁለት ሰው እጅ ለእጅ ካልተያያዘ አያቅፈውም። ከሰዓት ፀሐይዋ በኛ በኩል ስትዞር ቤቱን የሚከልልን እሱ ነው። ጎረቤታችን ትልቅ ሰው ናቸው፣ እስካሁን ክፉ ቃል ተነጋግረን አናውቅም፣ ሰሞኑን ግን ስሩ የቤቴን መሠረት እየሰነጠቀው ነው ቅጠሉም አሸንዳዬን ደፈነው ስለዚህ አስቆርጠዋለሁ አሉኝ። ዛፉ በማን በኩል እንደሆነ ራሱ አይታወቅም ምክንያቱም አጥሩ እዛ ጋ ሲደርስ ጠመም ብሎ ነው ያለፈው። እንዲቆረጥ አልፈልግም፣ ግን ደሞ እውነት ቤታቸውን እየጎዳ ከሆነ ምን ብዬ ነው የምከራከረው? መብቱ የማን ነው? ስር እውነት መሠረት ይሰነጥቃል?

መልስ 1
እህቴ መጀመሪያ ወሰኑ የት እንደሆነ ይታወቅ። ዛፍ ሲያጋጥመው ዞሮ ያለፈ አጥር ወሰን ነው ተብሎ አይወሰድም፣ ካርታውን አውጡና ቀያሽ ይለካላችሁ። የሚታየው ግንዱ ከመሬት የወጣበት ቦታ ነው እንጂ ቅርንጫፉ የተዘረጋበት አይደለም። በብዙ አገር ግንዱ ሙሉ በሙሉ በሳቸው በኩል ከሆነ ዛፉ የሳቸው ነው፣ ወሰኑ ግንዱን ከከፈለው ግን የጋራችሁ ይሆናል፣ ያኔ አንዳችሁ ብቻችሁን ተነስታችሁ መጋዝ ማስገባት የለም።

ተሻግሮ ስለመጣ ቅርንጫፍና ስር ደሞ ሕጉ አገር ካገር ይለያያል። ፈረንሳይ ውስጥ በፍትሐ ብሔር ሕጋቸው አንቀጽ 673 የተሻገረውን ስር ራስህ ትቆርጣለህ፣ ቅርንጫፉን ግን ባለቤቱ እንዲቆርጠው ታስገድደዋለህ እንጂ ራስህ አትነካም። ጀርመን ውስጥ ቅርንጫፍ ከመቁረጥህ በፊት ለጎረቤት በቂ ጊዜ መስጠት አለብህ፣ ጭራሽ ካላስቸገረህም መቁረጥ አትችልም። ስለዚህ የምትኖሪበትን አገር ሕግ ጠይቂ፣ ሰው እንዲህ አለ ብለሽ አትነሺ። ብዙ ከተማ ውስጥ ደሞ ትልቅ ዛፍ በራስ ግቢም ቢሆን ያለ ፈቃድ አይቆረጥም፣ ይሄንንም ማዘጋጃ ቤት ቀድመሽ አጣሪ፣ ከተቆረጠ በኋላ ምን ዋጋ አለው።

መልስ 2
እኔ ሥራዬ ዛፍ ነው፣ ስለ ስሩ ልንገርሽ። አብዛኛው ስር ጥልቅ አይደለም፣ ከላይኛው 60 ሴንቲሜትር አፈር ውስጥ ወደ ጎን ነው የሚሄደው፣ ከቅርንጫፉ ጥላ በላይም ይርቃል። ስር ጤነኛ መሠረትን ገፍቶ ሲሰነጥቅ ብዙም አይታይም። ችግር የሚመጣው አፈሩ ጭቃማ ሆኖ ውሃ ሲጠጣ የሚያብጥ ሲደርቅ የሚኮማተር ሲሆን ነው፣ በደረቅ ወራት ዛፉ ውሃውን ሲስበው አፈሩ ይሰበሰብና ቤቱ በዛ በኩል ይሰምጣል። እንዲህ ያለው ስንጥቅ ብዙ ጊዜ ሰያፍ ነው፣ ወደ ላይ ይሰፋል፣ በደረቁ ወቅት ይከፈትና ዝናብ ሲመጣ ይጠብባል። ጫፉ ላይ በእርሳስ ምልክት አድርገው ቀን ጽፈው ይከታተሉት፣ ዝናብ በጋ ሳይል አንድ ዓይነት ከሆነ ምክንያቱ ሌላ ሊሆን ይችላል። እና ይሄን ንገሪያቸው፣ እንዲህ ዓይነት አፈር ላይ የቆየ ዛፍ ድንገት ሲቆረጥ ውሃው ይመለስና አፈሩ ያብጣል፣ ቤቱን ከስር ሊያነሳው ይችላል። ማለትም ቤቴን ላድን ብለው የባሰ ስንጥቅ ሊያመጡ ይችላሉ፣ ስለዚህ መሐንዲስ ሳያይ አይቆረጥ። የፍሳሽ ቱቦም ቢሆን ስር ደህናውን ቱቦ ብዙ ጊዜ አይሰብረውም፣ ውሃ የሚያፈስ መጋጠሚያ ሲያገኝ ነው የሚገባው።

ሌላው ስሩን በአንድ በኩል ብቻ እንቁረጠው እንዳይባል። የግንዱን ውፍረት፣ ዙሪያውን ሳይሆን ከጎን ወደ ጎን ያለውን፣ ደረት ቁመት ላይ ለክተሽ በ12 አባዢው፣ 60 ሴንቲሜትር ከሆነ 7 ሜትር ገደማ ይመጣል፣ ከግንዱ ጀምሮ በዛ ርቀት ውስጥ ዙሪያውን ያለ ስር በተቻለ መጠን አይነካ። በአንድ ወገን የተቆረጠበት ዛፍ ቆሞ ይታይና ንፋስ ሲመጣ ሊወድቅ ይችላል፣ ቤት ላይም ሊሆን ይችላል። አናቱን መጎመድም አይሆንም፣ ብዙ ቀጫጭን ቅርንጫፍ ያወጣል፣ ያም ደካማ ስለሆነ ሲከብድ ይገነጠላል። የሚከረከም ከሆነ ቅርንጫፉ ግንዱን የሚገናኝበት ጋ ትንሽ እብጠት አለች፣ እሷን ሳይነኩ ከውጪዋ ነው የሚቆረጠው፣ ቁስሉን የሚዘጋው እሷ ናት።

መልስ 3
ሁሉም ጥሩ ብሏል ግን የሰውየውን ነገር አትርሱት፣ አሸንዳ መደፈን እውነተኛ ችግር ነው፣ በዛ ዕድሜ መሰላል ላይ ወጥቶ ማጽዳት ደግሞ አደጋ ነው። ወረቀት ይዘሽ ከመሄድሽ በፊት ማጽዳቱን እኛ እንያዘው በያቸው፣ አሸንዳው ላይ ወንፊት ይደረግ፣ በሳቸው በኩል ያለው ቅርንጫፍ በባለሙያ ይቀነስ፣ ወጪውን ተካፈሉ። ከተስማማችሁ በጽሑፍ ይሁን፣ ነገ ቤቱ ሲሸጥ አዲስ የሚመጣው ሰው እንዲያውቀው።

ጠያቂዋ
እግዜር ይስጣችሁ፣ አሸንዳውን በጭራሽ አላሰብኩትም ነበር። ነገ ሄጄ አናግራቸዋለሁ። ግን ዛፉ ታሞ ቢሆንስ? ግርጌው ላይ እንጉዳይ የመሰለ ነገር አይቻለሁ።

መልስ 2
እሱን ቶሎ አሳዪው። ግርጌ ላይ የሚወጣ እንጉዳይ ብዙ ጊዜ ውስጡ ወይ ስሩ መበስበሱን ነው የሚያሳየው፣ ከላይ ቅጠሉ ለምለም ሆኖም ቢሆን። በአንድ በኩል አፈሩ ተነስቶ ወይ ተሰንጥቆ ካየሽማ ከስሩ ራቁ፣ ያኔ እኔም ይቆረጥ ነው የምለው፣ ግን በገመድ እየታሰረ ከላይ ወደ ታች በቁራጭ ነው የሚወርደው፣ መጋዝ ስላለው ብቻ እቆርጣለሁ ለሚል ሰው አትስጡት።