የፈሳሽ ብረት ጠብታዬ ግማሽ መንገድ ሄዶ ይቆማል፤ እንዴት ልምራው?

ጥያቄ፦ ሠሪዋ
ሰላም ለሁላችሁ። ለአነስተኛ ለስላሳ ሮቦት ተንቀሳቃሽ ክብደት እየሠራሁ ነው። በፕላስቲክ ቦይ ውስጥ ያለ የፈሳሽ ብረት ጠብታ በኤሌክትሪክ ወዲያና ወዲህ እየሄደ የሮቦቱን የክብደት ማዕከል እንዲቀይርልኝ እፈልጋለሁ። ቅይጡ 75.5 በመቶ ጋሊየምና 24.5 በመቶ ኢንዲየም ነው። ቦዩ 8 ሴንቲ ሜትር ይረዝማል፣ 6 ሚሊ ሜትር ይሰፋል፤ ጠብታው 5 ሚሊ ሜትር ያህል ነው። የሞላሁት 1 ሞላር የሶዲየም ሃይድሮክሳይድ (የኮስቲክ ሶዳ) ሙሙት ሲሆን ኤሌክትሮዶቹ የመዳብ ሽቦ ናቸው። በ12 ቮልት ተነሥቶ ግማሽ መንገድ ይሄድና ይቆማል። ወደ 25 ቮልት ሳሳድገው አረፋ ይበዛል፣ ጠብታው ግራጫ ይለብሳል፣ ጅራት ያወጣል፤ ከዚያ በኋላ ጭራሽ አይንቀሳቀስም። ሦስት ሳምንት ሞከርኩ። ቢሄድልኝስ በፈለግሁት ቦታ እንዲቆም ምን ላድርግ?

መልስ፦ ኬሚስቱ
መጀመሪያ ቮልቴጁን ይመልሱት። ያስቸገረዎት እሱ ነው።

በኮስቲክ ሶዳ ውስጥ የጋሊየም ገጽ አሉታዊ ቻርጅ ይይዛል፤ ፊት ለፊቱም በፈሳሹ ውስጥ አዎንታዊ አየኖች (ቻርጅ የያዙ ቅንጣቶች) ይደረደራሉ። ኤሌክትሪክ ሲሰጡት ይህ ድርድር በአንዱ ጎን ይጠነክራል፣ በሌላው ይላላል፤ በጠነከረበት ጎን የገጽ ውጥረቱ፣ ማለትም ገጹን የሚሰበስበው ኃይል፣ ይቀንሳል። ፈረንሳዊው የፊዚክስ ሊቅ ጋብሪኤል ሊፕማን በ1875 በሜርኩሪ ላይ ያሳየው ግንኙነት ይኸው ነው። የጠብታው ገጽ ውጥረቱ ካነሰበት ወደ በዛበት፣ ማለትም ወደ ካቶድ (ወደ አሉታዊው ኤሌክትሮድ) በኩል ይፈስሳል፤ አጠገቡ ያለውን ፈሳሽም ይዞ ይሄዳል። ጠብታው ራሱ ግን እንደሚቀዝፍ ጀልባ ወደ አኖድ (ወደ አዎንታዊው ኤሌክትሮድ) ይገፋል።

እንግዲህ ገጹ መፍሰስ ካልቻለ ጉዞ የለም። ቮልቴጁ ሲበዛ ወደ ካቶድ የዞረው ጎን ኦክሳይድ (ብረቱ ከኦክስጅን ጋር ሲዋሃድ የሚፈጠር ሽፋን) ያበቅላል። ውፍረቱ ጥቂት ናኖ ሜትር ብቻ ቢሆንም ጠጣር ቆዳ ስለሆነ ገጹን ቀጥ አድርጎ ይይዘዋል። ግራጫው እሱ ነው፤ ጅራቱም ከእሱ ነው። ሶዳው ያሟሟዋል፤ ግን ጊዜ ይፈልጋል። ስለዚህ ቮልቴጁን ሳያቋርጡ ከመልቀቅ አጫጭር ምት እየሰጡ በመካከሉ ያሳርፉት። በእረፍቱ ገጹ እንደ መስታወት ተመልሶ ሲያበራ በዓይንዎ ያዩታል።

መልስ፦ የአውደ ጥናቱ ሰው
እኅቴ፣ የመዳቡን ሽቦ ዛሬውኑ አውጪው። አኖድ ላይ ያለው መዳብ እየተበላ ፈሳሹን ያቆሽሻል፤ ጠብታው ከነካው ደግሞ ይጣበቅበታል። የግራፋይት ዘንግ ተጠቀሚ፤ የመጻፊያ እርሳስ እምብርትም ለሙከራ ይበቃል። አሉሚኒየም ግን በሮቦቱ አካል ላይ እንኳ ከጠብታው አጠገብ አይኑር፤ ጋሊየም ውስጡ ሰርጎ ተሰባሪ ያደርገዋል፣ ኮስቲክ ሶዳውም ሃይድሮጅን እያስወጣ ይበላዋል።

አንድ ነገር ልጠይቅሽ፤ ቦዩ ክዳን አለው?

ሠሪዋ
አዎ፣ ከላይ በፕላስቲክ ዘግቼዋለሁ። በጠብታውና በግድግዳው መካከል በየጎኑ ግማሽ ሚሊ ሜትር ብቻ ነው የቀረው።

መልስ፦ የአውደ ጥናቱ ሰው
ግማሽ መንገድ ላይ የሚቆምበት አንዱ ምክንያት ይህ ሳይሆን አይቀርም። ጠብታው ወደ ፊት ሲሄድ ከፊቱ ያለው ፈሳሽ ወደ ኋላ ማለፊያ ይፈልጋል። በጠባቡ ክፍተት ውስጥ አረፋ ሲገባ መንገዱ ይዘጋል። ሁለቱን ጫፎች የሚያገናኝ የመመለሻ ቦይ ጨምሪ፤ ከኤሌክትሮዶቹ በላይም ለጋዙ መውጫ ቀዳዳ ተዪ። ጋዙ ሃይድሮጅንና ኦክስጅን ስለሆነ በታፈነ ቦታ አትሥሪ። መነጽርሽንም አትርሺ፤ ሶዳው ለዓይን ከአሲድ የባሰ ነው።

መልስ፦ ዮርዳኖስ
ሶዳውን ትተው በሃይድሮክሎሪክ አሲድ ቢሞክሩስ? እሱም ኦክሳይዱን ያነሣል።

መልስ፦ ኬሚስቱ
ያነሣል፤ ነገር ግን በአሲድ ውስጥ የገጹ ቻርጅ ስለሚገለበጥ ጠብታው ወደ ካቶድ ይሄዳል። መቆጣጠሪያው ለሶዳ ከተጻፈ ሁሉም ነገር በተቃራኒው ይሆናል። ግራፋይቱ ላይም ክሎሪን ሊወጣ ይችላል። በሶዳው ይቆዩ።

መልስ፦ የቦይ ቀራጭ
ስለ ማቆሙ ልመልስ፤ እዚህ ላይ ከኤሌክትሮኒክስ ይልቅ የቦዩ ቅርጽ ነው የሚረዳዎት። የዚህ ቅይጥ የገጽ ውጥረት በአንድ ሜትር 0.62 ኒውተን ገደማ፣ ከውኃ ስምንት እጥፍ በላይ ነው። ጠብታው መጨፍለቅን አጥብቆ ይጠላል፤ ሰፊ ቦታ ካገኘ ወደዚያ ገብቶ ይድበለበላል። በየሁለት ሴንቲ ሜትሩ 7 ሚሊ ሜትር ዲያሜትር ያላቸው ክብ ማረፊያዎች ቅረጹ፤ በመካከላቸው ያለውን መተላለፊያ ወደ 4 ሚሊ ሜትር አጥብቡት። ኤሌክትሪኩ ሲቋረጥ ጠብታው በማረፊያው ይቀመጣል፤ ቦታውን ለመጠበቅም ምንም ኃይል አይፈጅም። ከማረፊያው የሚያስወጣውን ትንሹን ምት በሙከራ ፈልጋችሁ ያዙት፤ ከዚያ በላይ አትሂዱ። መተላለፊያው ከመጠን በላይ ከጠበበ ደግሞ ጠብታው ለሁለት ይቆረጣል፤ እኔን ብዙ ጊዜ አጋጥሞኛል።

ሠሪዋ
ከዘጠኝ ቀን በኋላ ተመለስኩ። ግራፋይት አስገባሁ፣ የመመለሻ ቦይ ሠራሁ፣ አራት ማረፊያ ቀረጽኩ። በ10 ቮልት፣ ሩብ ሴኮንድ ምትና ግማሽ ሴኮንድ እረፍት፣ ጠብታው ከማረፊያ ወደ ማረፊያ አንድ በአንድ ይዘልላል። ዋልታውን ስገለብጥ ይመለሳል። ሃያ ጊዜ አመላለስኩት፣ ግራጫ አልለበሰም። ደስታዬን መደበቅ አልችልም! የቀረኝ ክብደቱ ነው፤ ጠብታው ግማሽ ግራም እንኳ ስለማይሞላ ሮቦቱ አያዘነብልም።

መልስ፦ የቦይ ቀራጭ
እንኳን ደስ አለዎት። የቅይጡ እፍጋት በሴንቲ ሜትር ኩብ 6.25 ግራም ያህል ስለሆነ የ5 ሚሊ ሜትሩ ጠብታ 0.4 ግራም ገደማ ይመዝናል። ዲያሜትሩን እጥፍ ቢያደርጉት ክብደቱ ስምንት እጥፍ ይሆናል፤ ነገር ግን የስበት ኃይል ጠፍጣፋ ያደርገዋል፣ መተላለፊያውም እንደገና መለካት አለበት። እኔ ብሆን ጠብታውን አላሳድግም፤ አራት ቦዮችን ጎን ለጎን አድርጌ በአንድ ምት አራቱንም እነዳለሁ።

መልስ፦ ኬሚስቱ
በዚህ እስማማለሁ። ክፍሉ ከ16 ዲግሪ በታች የሚቀዘቅዝ ከሆነም ቆርቆሮ (ቲን የሚባለው ብረት) የተጨመረበትን ቅይጥ ይያዙ፤ የእርስዎ እዚያ አካባቢ መርጋት ይጀምራል።