ህዝብ ተቆጥቶ ሲጮህበት መሪ ምንድነው ማድረግ ያለበት?

የአዘዞ ልጅ፦
ሰላም ናችሁ ጎንደሬዎች። ባለፈው እሁድ ሰፈራችን ስለ ውሃ ስብሰባ ተጠርቶ ሄጄ ነበር፣ ቧንቧችን ጠብ ካለ ሶስት ሳምንት አልፎታል፣ በጀሪካን እየገዛን ነው የምንኖረው። ኃላፊው ስለ እቅድ አንድ ሰአት ሙሉ አወሩ። ከዛ አንዲት እናት ተነሱና «ልጄ እቅዱን ተወውና ውሃው የሚመጣበትን ቀን ንገረኝ» ሲሉ አዳራሹ በጩኸት ተናጋ፣ ሰውየው «በስሜት ከሆነ አንነጋገርም» ብለው ወረቀታቸውን ሰብስበው ወጡ። የውሃ እጦቱንስ ለምጄዋለሁ፣ እኚያ እናት እንደቆሙ ሲቀሩ ግን አንጀቴን በሉት። ሌላ አገር መሪዎች እንዲህ ሲገጥማቸው ምን ያደርጋሉ?

ማራኪ ነኝ፦
ወንድምዓለም የስፔኑን ንጉስ ቪዲዮ ፈልገህ እይ። በ2024 እ.ኤ.አ. ቫሌንሲያ ላይ ጎርፍ ከ220 በላይ ሰው ጨርሶ ከአምስት ቀን በኋላ ንጉስ ፌሊፔ ከንግስቲቱና ከጠ/ሚ ሳንቼዝ ጋር ፓይፖርታ የምትባል ከተማ ሄዱ፣ ህዝቡ «ነፍሰ ገዳዮች» እያለ ጭቃ ወረወረባቸው። ጠ/ሚሩን ጠባቂዎች ቶሎ አወጧቸው፣ ንጉሱ ግን ጭቃ እንደነካቸው ወደ ሰዉ ቀርበው አዳመጡ፣ ትከሻቸው ላይ ያለቀሰም ነበር።

ጠዳ፦
መቆም ብቻውን ምን ዋጋ አለው? የሮማኒያው ቻውሼስኩም ታህሳስ 21፣ 1989 እ.ኤ.አ. ቡካሬስት ላይ ህዝቡ ሲጮህበት በረንዳው ላይ ቆሞ ደሞዝ እጨምራለሁ ብሎ ነበር፣ በማግስቱ በሄሊኮፕተር ሸሸ፣ በአራተኛው ቀን ተረሸነ። እኛም ጋ በ66 ታክሲ ነጂዎች በነዳጅ ዋጋ አድማ ሲመቱ አፄ ኃይለሥላሴ ዋጋውን ቀነሱ፣ የጠ/ሚ አክሊሉ ካቢኔም ወረደ፣ ግን መስከረም 2፣ 1967 በቮልስዋገን ተወሰዱ። የቆየ ብሶት በአንድ ቀን ቃል አይበርድም። ደግሞ እውነት እንነጋገር፣ ለጎንደር ውሃ የሚሰጠው አንገረብ ግድብ በደለል እየሞላ ከተማው እየሰፋ ነው፣ ኃላፊው ይሄን በግልፅ ቢናገሩ ሰዉ ይረዳቸው ነበር፣ ሰው የሚቆጣው ሲደበቅበት ነው።

የድሮ መምህር፦
ልጆቼ፣ ይሄ ነገር እዚሁ ፋሲል ግቢ ታሪክ አለው። ጄምስ ብሩስ የሚባለው ስኮትላንዳዊ በ1770 እ.ኤ.አ. ጎንደር መጥቶ ሲኖር ያየውን ፅፏል፣ የተበደለ ሰው ከንጉሱ ደጅና መስኮት ስር ሄዶ «ጃን ሆይ ፍረድ» እያለ ቀኑን ሙሉ ይጮህ ነበር። ክረምት ገብቶ ባለጉዳይ ከሩቅ መምጣት ሲያቅተው ደግሞ ቤተመንግስቱ ፀጥ እንዳይል እየተከፈላቸው የሚጮሁ ሰዎች ነበሩ። እኔ ይሄን ለተማሪ ባስተማርኩ ቁጥር ይገርመኝ ነበር፣ የአቤቱታ ጩኸት መስማት የንጉስነት ስራ ነበር ማለት ነው። ፍርዱ ሁሌ ትክክል ነበር አልልም፣ ግን መጮህ ራሱ እንደ ጥፋት አይታይም ነበር። ስለዚህ ልጄ፣ እኚያ እናት ያደረጉት የአያቶቻቸውን ነው፣ ነውር የላቸውም።

የአዘዞ ልጅ፦
መምህር እድሜ ይስጥልኝ፣ የፃፉትን ለእኚያ እናት አነበብኩላቸው፣ «ታዲያ ድጋሚ እንሂድ» አሉኝ። ከጎረቤት ጋር ሆነን ሶስት ጥያቄ በወረቀት ፅፈናል፣ ውሃው በየስንት ቀኑ ነው የሚለቀቀው፣ ለየትኛው ሰፈር መቼ፣ ካልመጣ ለማን እንደውል። ከእያንዳንዱ ስር መልስና ፊርማ የሚሆን ቦታ ትተናል። ቅዳሜ ጠዋት 3 ሰአት ይዘነው እንሄዳለን፣ አዘዞ ያላችሁ ኑ።