የጀበና ልብስ ይሸጥ ይሆን? ገንዘቤን ሳላወጣ ምክራችሁን

ጠያቂ (አራት ኪሎ)፦ ሰላም ለሁላችሁ። የምተዳደረው በልብስ ስፌት ነው። መንገድ ዳር ቡና ለሚሸጡ ሴቶች ውስጡ ጥጥ፣ ውጪው ሸራ የሆነ የጀበና ልብስ አሰብኩ፤ ቡናውን ሳይቀዘቅዝ ያቆያል፣ ከሰልም ይቆጥባል። ከአራት ኪሎ እስከ ፒያሳ 12 ሻጮችን ጠየቅሁ። ሁሉም «በጣም ጥሩ ነው፣ እግዚአብሔር ይርዳሽ» አሉኝ። ያለኝ 60 ሺህ ብር የሁለት ዓመት ልፋቴ ነው። 200 ልስፋ?

ብረታ ብረት ሠሪ (መርካቶ)፦ እህቴ፣ በፍጹም! እኔም «ጥሩ ነው» ተብዬ 60 ምድጃ ሠርቼ 23 ብቻ ሸጥኩ፤ ቀሪው ዝጎ ተቀምጧል። ሰው ፊት ለፊት ሲጠየቅ ይሉኝታ ይይዘዋል፤ ሊያሳዝንሽ አይፈልግም። ስለዚህ አስተያየት ሳይሆን ቀብድ ጠይቂ። አንድ ናሙና ሰፍተሽ፣ ዋጋውን ቆርጠሽ ንገሪያቸውና «በሁለት ሳምንት አደርሳለሁ፣ ቀብዱ 50 ብር» በያቸው። ስንት ሰው ከከፈለ እንደምትቀጥዪ ግን ከቤት ሳትወጪ ጻፊው። ኋላ ልብሽ ቁጥሩን ዝቅ፣ ዝቅ ያደርገዋል፤ ከራሴ ነው የማውቀው።

የዲዛይን መምህር (ስድስት ኪሎ)፦ በ1996 እ.ኤ.አ. ለገበያ የቀረበው ፓልም ፓይለት የተባለው የእጅ ኮምፒውተር ገና ሳይሠራ፣ ፈጣሪው ጄፍ ሃውኪንስ በልኩ የተቆረጠ እንጨት በሸሚዝ ኪሱ ይዞ ይዞር ነበር። ቀጠሮ ሲጠየቅ እንጨቱን አውጥቶ የሚጽፍበት ያስመስላል። ሊያውቅ የፈለገው ዕቃውን በእርግጥ ይዞት ይዞር እንደሆነ ነው። አንቺም ናሙናውን ለአንዷ ሻጭ ለሳምንት ተዪላትና ሳትነግሪያት ብቅ በዪ። ጀበናው ለብሶ ካገኘሽው መልካም፤ ልብሱ በርጩማ ሥር ከተወሸቀ ግን ማንንም መጠየቅ አያስፈልግሽም።

ቡና ሻጭ (ፒያሳ)፦ ለሚቆይ ቡና ፔርሙዝ አለኝ። ደንበኛ የሚቆምልኝ ጀበናውን ከሰል ላይ ሲያየው፣ ሽታው ሲያውደው ነው፤ ከሸፈንኩት የቀዘቀዘ ይመስለዋል። እኔን የሚያንገበግበኝ ማታ ዕቃዬን ተሸክሜ ስገባ የሚሰበረው ሲኒ ነው። በዚህ ወር ብቻ 5! ሲኒውንና ጀበናውን ለየብቻ የሚይዝ፣ የሚታዘል ቦርሳ ብትሰፊልኝ ቀብዱን ነገውኑ እሰጥሻለሁ።

ጠያቂ፦ እህቴ፣ ተባረኪ። ስለ ስብራት አንዳቸውንም አልጠየቅሁም ነበር። ነገ ጠዋት ሜትሬን ይዤ እመጣለሁ፤ ሲኒዎቹን በሙሉ አምጪልኝ። ቦርሳውን ይዤ ወደ 12ቱም እመለሳለሁ። ቁጥሩንም ጽፌዋለሁ፦ 5 ቀብድ ካላገኘሁ ሸራ አልገዛም።